ያልተቀመሰ ድስት

«ራሷ እኮ አትበላውም!»

የዳቦውን ሣጥን ለማንሳት ጎንበስ ባልኩበት ነው የሰማሁት። ከማሳለፊያው መስኮት በታች ስለነበርኩ አላዩኝም። ተናጋሪው ጎሚስታው ነው፤ ድምፁን አልስተውም፤ የጎማ ቤቱ ጫጫታ ለምዶበት ሚስጥር እንኳ ሲያወራ ይጮኻል። «ልብ ብለህ እያት እስቲ። ከቤቷ ቋጥራ የምታመጣውን ኪያር ነው የምትቆረጥመው፤ እሱንም ከበሩ ጀርባ ተደብቃ። ወጥ ቤቷ ያልደፈረችውን ምግብ እኔ የምደፍረው ምን አጥፍቼ ነው?» አብሮት የቆመው ሾፌር ሳቀና ሻዩን ፉት አለ። «እኔስ ሰሞኑን በሙዝ ነው የምውለው» አለው። ብርጭቆዎቻቸውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። እኔ ሣጥኑን እንዳቀፍኩ እዚያው ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። ጉልበቴ ስለያዘኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቀና ስል ማን ከማን ጋር እያየኝ እንደሚሳሳቅ ስለፈራሁ ነው።

የከተማ አውቶቡሶች በሚጠገኑበት ግቢ ውስጥ፣ የሠራተኞች ክበብ ወጥ ቤት ነኝ። ክበብ ሲባል ስሙ ያምራል እንጂ አዳራሹ ድሮ የዕቃ ማከማቻ ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ። ወንበሮቹ ካረጁ አውቶቡሶች የተነቀሉ ስለሆኑ ሁሉም ፊታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ እኔ መስኮት። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ እንደ ተሳፋሪ ተደርድሮ ሲያየኝ፣ መሪ የያዝኩ ይመስለኛል። ድሮ ሰልፉ በሩን አልፎ እስከ ቧንቧው ይደርስ ነበር። ሰሞኑን ግን ሰዉ ወደ ውጭ በር እየወጣ ዳቦና ሙዝ ይገዛል፤ ሙዙ ደግሞ ከእኛ ምሳ ዋጋ እኩል ሆኗል። እኔ ሙቀቱ ነው፣ ሰው በሙቀት አይበላም እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። ለካ ነገሩ እኔው ነኝ!

የማልበላበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ሐኪሟ «ስኳርሽ አፋፍ ላይ ነው፤ ክብደት ካልቀነስሽ ይገባብሻል» አለችኝ። ስኳር ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ከሰው አልሰማሁም፤ አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዓይኗ የደከመው በሱ ነው፤ የኢንሱሊን መርፌዋን የምሞላላት እኔ ነኝ። እሷም ከታመመች እኔም ከታመምኩ ማን ለማን ሊሞላ ነው? ሐኪሟ ፊቴን አይታ ደነገጠች መሰለኝ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል…» ብላ ስትጀምር፣ እንቁላሉ የተቀቀለ ነው የተጠበሰ ብዬ ጠየቅኳት። ቀስ በቀስ የሚባል ነገር አላውቅም። እኔ ድስት ሳጥብ እንኳ ጀርባው ካላብረቀረቀ አላስቀምጥም። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ ከቤቴ ቋጥሬ ካመጣሁት በቀር ክበብ ውስጥ አንዲት ነገር በአፌ አትዞርም። ጣት መላስ የለም፤ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ መቅመስ የለም። ሕጉ ከተከበረ ቀኑ ንጹሕ ነው። አንዲት ፍርፋሪ ከገባች ግን ተበላሸ፤ ከተበላሸ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው! የተረፈውን ዳቦ ከበሩ ጀርባ ቆሜ፣ ስጎ እያጠቀስኩ፣ ደስ ሳይለኝ እውጣለሁ። ማክሰኞ ከተበላሸብኝ እስከ እሑድ ማታ እበላለሁ፤ ሰኞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። የወረደልኝ ኪሎ ሁልጊዜ ዘመዶቹን አስከትሎ ነው የሚመለሰው።

የአሁኑ ግን ሌላ ነው፤ ከወር በላይ አንድም ቀን አልተበላሸብኝም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃቱ ባሰብኝ። ጢም ያለ ገንዳ ተሸክማ ደረጃ እንደምትወጣ ሴት፣ ሰው ባጠገቤ ሲያልፍ እንኳ እጨነቃለሁ። ዳቦ ቤቱ «እንኪ ትኩሱን ቅመሺ» ሲለኝ ልጣላው ደረስኩ። ቤትም እህቴ ራት ስታቀርብ «በልቻለሁ» እላትና ጓዳ ገብቼ እተኛለሁ። ድስቱንስ ማን ይቀምሳል ካላችሁ፣ አሳላፊዋ ናት። ጥሩ ልጅ ናት፤ ማንኪያውን ታነሳለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ «ኸረ እትዬ ቆንጆ ነው!» ትላለች። ሁሉም ቆንጆ ነው። አንድም ቀን «ይህ ጎድሎታል» ብላኝ አታውቅም፣ እኔም ስለተመቸኝ አልጠየቅኳትም።

የዚያን ዕለት ጠዋት የሰማሁት ገና ከሆዴ ሳይወጣ የክበቡ ኃላፊ መጣ። ይሄ ሰውዬ መልካም ወሬ ሲኖረው ከበሩ ጀምሮ ነው የሚያወራው፤ ክፉ ሲሆን የቁልፍ ዘለላውን ያሽከረክራል። አሽከረከረው። «ዛሬ ሥራ አስኪያጁ እዚህ ነው ምሳ የሚበላው» አለኝ።

«ምነው፣ ቀን ወጣልን እንዴ?»

«አትቀልጂ እህቴ። ሠራተኛው ከክበቡ እየሸሸ ነው ተብሏል። አንድ ምግብ አቅራቢ ድርጅት ክበቡን ልረከብ ብሎ ጠይቋል። ከወደደው ወደደው፤ ካልወደደው…» ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ምድጃው አየ። «እነሱ ደግሞ የራሳቸውን ወጥ ቤት ይዘው ነው የሚመጡት።»

ይህን ብሎኝ ወጣ። የቤት ኪራዩ፣ የእህቴ መርፌ፣ ሁሉም ከዚህች ምድጃ ላይ ነው የሚወጣው። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጉልበት፣ ማን ነው ነይ ግቢልኝ የሚለኝ? እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩና ወደ ድስቶቹ ዞርኩ። የምስር ሾርባው ፈልቷል፤ የስጋው ስጎ ጥግ ላይ ይንተከተካል፤ ሩዙን ገና ማውረዴ ነው። ሽታቸው እንደ ወትሮው ነው፤ መልካቸውም እንደ ወትሮው። አሳላፊዋን ጠራሁና ጭልፋውን ሰጠኋት። ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «ኸረ እትዬ ቆንጆ…»

«ጨውስ?»

«ልክ ነው።»

«የትናንቱስ ልክ ነበር?» ጭልፋውን መለሰችልኝ። አፍንጫዋ ቀልቷል፤ ጉንፋን ይዟት እንደ ሰነበተ እኮ አውቃለሁ፣ መሐረብ ከእጇ አልተለየም፤ ግን አውቄም አላየሁትም። «አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ዛሬ እውነቱን ነው የምፈልገው።»

«እትዬ እንዳትቆጪኝ። ከጉንፋኑ በፊት ግን ጨው በዛ ብዬሽ ነበር። ጭልፋውን አልወረወርሽብኝም?»

«ኸረ በስማም! ባንቺ ላይ? ወደ ማጠቢያው ነው የጣልኩት!»

«እኔ ማጠቢያው አጠገብ ነበርኩ» አለች፣ ድምፅዋ ቀጠነ። «መብላት ካቆምሽ ጀምሮ እኮ ሰው አታስቀርቢም። እፈራሻለሁ። ስለምፈራሽ ነው ቆንጆ ነው የምልሽ።»

ውሸት ነው እንዳልል ነገሩ እውነት ነው። ማንኪያ ያዝኩና ሾርባው ላይ ቆምኩ። ከሩቅ የሚያየኝ ሰው አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከምስር ጋር ምን ያፋጥጣታል ይል ይሆናል። እኔ ግን ሌላ ሒሳብ ላይ ነበርኩ። ብቀምስ ቀኑ አለቀ፤ እንደማላቆም ራሴን አውቀዋለሁ፤ ከማንኪያ ወደ ሳህን፣ ከሳህን ወደ ዳቦ ሣጥን፣ ከዚያ እስከ እሑድ። ያ ሁሉ ንጹሕ ቀን በአንዲት ጠብታ ሊሄድ ነው። ባልቀምስ ደግሞ እንጃ፣ ሌላ ወጥ ቤት ነገ እዚህ ቆማ ትቀምሳለች። «ሰዓቱ እኮ ደረሰ» አለችኝ ልጅቷ ከኋላዬ። መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩና ላስኩት።

ወይ ጉድ! ጨው በሉት እንጂ ሾርባ አትበሉት። ምላሴ ተሸበሸበ። ሮጬ ስጎውን ቀመስኩ፤ እሱም ያው። ሩዙም ያው። የጨው ከረጢቱን ጎትቼ አወጣሁና እጄን ከተትኩ፤ ያኔ ገባኝ። የድሮው ጨው ጠጠር ጠጠር ያለ ነበር። ይህኛው አቅራቢው ከተቀየረ ወዲህ የመጣ ነው፣ እንደ ዱቄት የላመ። የእኔ መለኪያ ደግሞ እፍኜ ነው፤ የላመው በእፍኝ ውስጥ ተጠቅጥቆ ስለሚገባ ልክ ነው ያልኩት ሁሉ እጥፍ ኖሯል። የትኛዋም ጀማሪ ብትሆን በመጀመሪያው ቀን አንዴ ቀምሳ ትደርስበት ነበር። እኔ ንጹሕ ልሁን ብዬ የሰው አፍ ሳቃጥል ከርሜያለሁ። እንዴት እንዳፈርኩ!

ግን ለማፈርም ጊዜ ያስፈልጋል፣ ጊዜ አልነበረም። ከሾርባው ሲሶውን ቀንሼ አወጣሁ፣ ውኃና ጨው ያልነካው ክክ ጨመርኩ፣ ድንች ላጥን፣ ከተፍን። ለስጎው ያለውን ቲማቲም ሁሉ ፈጨን። ሩዙን በፈላ ውኃ አጥበን አጠነፈፍነው። እያንዳንዷን እርምጃ መቅመስ ነበረብኝ፤ ስቀምስ እበሳጫለሁ፣ ስበሳጭ እጨምራለሁ፣ ስጨምር ደግሞ እቀምሳለሁ። መጀመሪያ በጠብታ፣ በኋላ በማንኪያ። መጨረሻ ላይ ሾርባው ሾርባ ሆነ። ልጅቷ ሳህኖቹን ይዛ ወደ አዳራሹ ስትሄድ እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ያኔ ያ የፈራሁት ነገር መጣ። በቃ፣ ተበላሽቷል፣ ምን ቀረሽ? አለኝ ውስጤ። ዳቦ አነሳሁ። ከበሩ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ፣ ቆርሼ ስጎው ውስጥ ነክሬ ዋጥኩ። ሳላኝክ ነው የዋጥኩት። የመጀመሪያው ከአፌ ሳያልቅ ሁለተኛውን ይዤ ነበር ከአዳራሹ ያ ጩኸት የሚመስል ድምፅ የመጣው።

«እኔ የምለው፣ መጀመሪያ እሷ ለምን አትበላም?» ጎሚስታው ነው። ሳቅ ተነሳ። «ቀልዴን አይደለም! እሷ ከበላች እኔም እበላለሁ!»

ልጅቷ ሮጣ መጣች። «እትዬ፣ ሥራ አስኪያጁ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ቆሟል፣ ማንም አይበላም። ነይ ይሉሻል።» አፌ ዳቦ ሞልቷል። ወደ እጄ አየች፣ ወደ አፌ አየች፤ የሽርጤን ጫፍ ይዛ አገጬ ላይ ያለውን ስጎ ጠረገችልኝ። እንደ እናት ነው የጠረገችኝ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ልጅ። ማልቀስ አማረኝ። ሁለተኛውን ዳቦ ድስቱ አጠገብ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ሳህን ያዝኩ፣ ጭልፋ ያዝኩ፣ ከዚያ እጄ አየር ላይ ቀረ። ለሰው ሁሉ ልኩን አውቃለሁ። ሾፌር ከምሳ በኋላ ስለሚነዳ ሩዝ ቀነስ፣ ጎማ ቤቶች ስጎ ጨመር፣ ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ ሾርባ ብቻ። ለራሴ ግን ስንት ነው? ወይ ምንም፣ ወይ ሁሉንም ነበር፤ በመካከላቸው ያለውን ጨልፌ አላውቅም። አዳራሹ ሙሉ ዓይን ሆኖ ያየኛል። ጭልፋውን ለልጅቷ ሰጠኋት። «ለእኔ አውጪልኝ» አልኳት። «ስንት ላድርግልሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «እንደ ሰው አድርጊልኝ።» አንድ ጭልፋ ሩዝ፣ ግማሽ ስጎ፣ አንድ ሳህን ሾርባ፣ አንድ ዳቦ አደረገችልኝ፤ ለማንም እንደምታደርገው። ይዤው ሄድኩና ጎሚስታው አጠገብ፣ መስኮት ዳር ባለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ጠበበኝ፣ ጉልበቴ ከፊቱ ካለው ጋር ተጋጨ። ጎሚስታው አፍ አፌን ያያል።

በላሁ። ምን ልበላችሁ፣ ፈርቼ ነበር። ደግሞም ርቦኝ ነበር፣ ወር ሙሉ ርቦኝ እንደ ነበረ ያኔ ነው ያወቅኩት። ቁጭ ብዬ፣ ሰው እያየኝ፣ እያኘክሁ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ! የገዛ እጄን ጣዕም ረስቼው ኖሯል። ሾርባው ደህና ነው፤ ምስክር አያሻውም። ጎሚስታው ከእኔ ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑ ወደ እኔ ሲያይ ቆየና አንድ ማንኪያ ቀመሰ። ደገመ።

«አንቺ፣ እጅሽ የት ሄዶ ነበር ሰሞኑን?» አለኝ።

«ዓመት ዕረፍት ወጥቶ ነበር።»

«ታዲያ ተተኪ ሳትመድቢ?» አለና እየሳቀ ዳቦውን ቆረሰ። ከኋላችን የማንኪያ ድምፅ ተሰማ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ሥራ አስኪያጁ ጨረሰ፣ አፉን ጠረገ፣ ለኃላፊው «ለጊዜው ባለበት ይቆይ፣ ወሩ መጨረሻ ላይ እናየዋለን» ሲለው ሰማሁ። ኃላፊው የቁልፍ ዘለላውን ኪሱ ከተተ። ተረፍን አይባልም፣ ግን አልተባረርንም።

ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነው የከፋው። አዳራሹ ባዶ፣ ድስቱ ግማሽ፣ ዳቦው በሣጥን ውስጥ። ድስት እየፈገፈግኩ በልቤ እደምራለሁ፤ ቅምሻው፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ዳቦ፣ ሳህኑ፣ ከሳህኑ ጋር የበላሁት ዳቦ። ተበላሽቷል፣ ተበላሽቷል። ድስቱ አጠገብ የተውኩትን ዳቦ አንስቼ ግማሹን ቆሜ በላሁት፤ አልዋሽም። ከዚያ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። እየበሉ መቀጠልን አውቅበታለሁ፣ ምንም አለመብላትንም አውቅበታለሁ፤ ተበላሽቶ ሳለ መሐል ላይ ማቆም የሚባለውን ነገር ግን ማንም አላስተማረኝም። ልጅቷ ማድረቂያውን ትከሻዋ ላይ ጥላ መጣችና «ይህን የተረፈውን ለቤት ልውሰደው?» አለችኝ። «ሁሉንም ውሰጂው» አልኳት፣ ቶሎ ብዬ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር። የቀረችውን ግማሽ እጄ ላይ አይታ መዳፏን ዘረጋች። ሰጠኋት። «ከነገ ጀምሮ አብረን ነው የምንቀምሰው» አልኳት። «ጭልፋውን ከያዝሽ ግን እኔ በዚያኛው በኩል ነኝ» አለችኝ። ሳቅን፣ እኔ ግን በሳቁ ውስጥም ልቤ አላረፈም።

ወደ ቤት ስገባ ገና አልመሸም ነበር። ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው፤ ጠረጴዛው ከአልጋዋ ጋር ስለሚገጥም እህቴ ከአልጋው ጫፍ ነው ተቀምጣ የምትበላው። መርፌዋን ጠዋት ሞልቼ ያስቀመጥኩላትን ወስዳለች። ሳህኗ ፊቷ ነው፤ ድንችና ጎመን፤ ዳር ዳሩን ነካክታ ትታዋለች። ቆሜ አየሁት። ይህ ሳህን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀረው? ጠዋት ጠዋት የማጥበው እኮ እኔ ነበርኩ፣ የተረፈውን እየደፋሁ፤ አንድም ቀን ለምን ተረፈ ብዬ አልጠየቅኩም። መርፌ ወስዶ አለመብላት ስኳርን አውርዶ ራስ እንደሚያስት ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

«በልተሽ ነው?» አለችኝ፣ እኔ አለሁበት ብላ ወደምትገምተው አቅጣጫ ዞራ። «በልቻለሁ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«እታለም፣ አንቺ ለምንድነው ያልበላሽው?»

«ብቻዬን ስሆን ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል» አለች፣ ቀለል አድርጋ፣ ስለ አየሩ እንደምታወራ። «አንቺ ደግሞ ጾምሽን ያዝሽ። ልረብሽሽ አልፈለግኩም፣ ሚጢ።» ሚጢ የምትለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ በዚህ ቁመናዬም አልተወችውም። ወር ሙሉ እኔ ጓዳ ሆኜ ኪሎዬን ስጠብቅ፣ እሷ እዚህ ለእኔ ስትል ዝም ብላ ስትራብ ነው የከረመችው። በሽታውን ፈርቼ እኮ ነበር የሸሸሁት። ያለባትን ሰው ብቻዋን ትቼ ነው የሸሸሁት።

አልጋው ጫፍ ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተስፋ እንደቆረጠ ሰው ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሾርባውን፣ ጨውን፣ ጎሚስታውን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ከበሩ ጀርባ ያለውን ዳቦ እንኳ አልደበቅኳትም። ልጅቷ እንዴት እንደጠረገችኝ ስነግራት ሳቀች፣ እየሳቀችም ሳታውቀው ከድንቹ ጎረሰች። ቀጠልኩ፣ ቀጠለች። ወሬዬ ሲያልቅ ድንቹ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

«አየሽ እንግዲህ» አልኳት። «ስንት ቀን የደከምኩበትን። ዛሬ አበላሸሁት።»

«ምኑን?» አለችኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሳህኗን አየሁ፣ ፊቷን አየሁ። ተነስቼ ለራሴ ሳህን አመጣሁና ትንሽ ድንች፣ ትንሽ ጎመን አወጣሁ። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። እሷም ስንት ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።